የእትዬ መስመር የስልክ ጽዳት

እትዬ መስመር ሲያፍሩ ግራ ጆሯቸውን ይነካሉ። ሌላው ሰው ሲያፍር ያቀረቅራል፣ ወይም ፊቱን ያዞራል፤ እሳቸው ግን የማይታይ ነገር ከጆሯቸው ላይ የሚያነሡ ይመስል በሁለት ጣት ነካ አድርገው እጃቸውን ይመልሳሉ። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ የምናውቅ ጥቂቶች ነን። በወጣትነታቸው ዘመን እዚያ ቦታ ላይ ማዳመጫ ነበረ። ተቆጣጣሪው ከኋላችን ቆሞ ስሕተት ሲያገኝብን፣ ማዳመጫውን ከጆሯችን ገለጥ አድርገን ተግሣጹን እንሰማ ነበር። ማዳመጫው ከቀረ ስንት ዘመን ሆነው፤ ተግሣጽ ለመስማት የምትነሣው እጅ ግን አልቀረችም።

እኔና እሳቸው በስልክ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠርተናል። በዕድሜም በሥራም ይቀድሙኛል፤ የገመድ አያያዝ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ ሰው በገዛ እጁ ደውሎ ከፈለገው ጋር አይገናኝም ነበር። ከፊታችን እንደ ወንፊት በቀዳዳ የተሞላ ትልቅ ሰሌዳ አለ፤ ከየቀዳዳው በላይ ከአተር ፍሬ የማትበልጥ አምፑል አለች። ደዋይ ስልኩን ሲያነሣ አምፑሏ ትበራለች። እኛ የገመዱን አንድ ጫፍ እዚያ እንሰካና "ማንን ላገናኝዎ?" እንላለን፤ ሌላውን ጫፍ በተፈላጊው ቀዳዳ ሰክተን ከመሀል እንወጣለን። ንግግሩ ሲያልቅ ደግሞ ገመዱ ወዲያው መነቀል አለበት። መንቀል ከተረሳ ማንም የማይናገርበት መስመር ተይዞ ይውላል፤ ዘመዱ የታመመበት ሰው ቢደውል እንኳ "ተይዟል" ተብሎ ይመለሳል።

እትዬ መስመር ያልተነቀለ ገመድ ሲያዩ ተከፍቶ የቀረ ቧንቧ ያዩ ያህል ይበሳጩ ነበር። ከራሳቸው ሰሌዳ አልፈው የእኔንም ይነቅሉልኝ ነበር።

"አንቺ ልጅ፣ ሰዎቹ ተሰነባብተው ቤታቸው ገብተዋል፤ አንቺ ገና ታገናኛለሽ" ይሉኛል።

"መስመር" የሚለውን ስም ያወጣንላቸው ያኔ ነው። በጡረታ ከወጡም በኋላ ተከትሏቸው ወደ ግቢያችን ገባ፤ ዛሬ ትክክለኛ ስማቸውን ቢጠሯቸው እሳቸው ራሳቸው ዘወር የሚሉ አይመስለኝም። ይህን የመንቀል ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ የመጣው ሁሉ የመጣው በዚያችው እጅ ነውና።

የምንኖረው በአንድ ግቢ ነው። ቤቶቹ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ መሀሉ ላይ የጋራ ቧንቧና አንድ ረጅም የእንጨት አግዳሚ አለ። እትዬ መስመር ከበሩ አጠገብ ባለው ቤት ከምራታቸው ጋር ይኖራሉ። ልጃቸው ሩቅ አገር የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤቱን እንደ እንግዳ ነው የሚያየው። ምራታቸው አዋላጅ ነርስ ናት፤ ግቢው በሙሉ "አዋላጇ" ይላታል።

ዘመናዊውን ስልክ የገዛላቸው ልጃቸው ነው። መጀመሪያ እንደ ሕፃን አቅፈውት ሰነበቱ። አንድ ቀን ከታች ያለውን ምልክት ሲነኩ፣ ከፍተው የተዉት ነገር ሁሉ እንደ መጫወቻ ካርታ ተደርድሮ ብቅ አለባቸው፤ ፎቶው፣ ሬዲዮው፣ የአየር ጠባዩ፣ አንድ ጊዜ በስሕተት የነኩት የምግብ ማዘዣ ሳይቀር። አግዳሚው ላይ አጠገባቸው የተቀመጠውን ባለታክሲ ጎረቤታችንን ጠየቁት።

"ይኼ ሁሉ ክፍት ነው እንዴ?"

"ከኋላ ሆነው እየሠሩ ነው እትዬ። ባትሪውን የሚግጡት እነሱ ናቸው ይባላል።"

"እና ማንም አይዘጋቸውም?"

"ማን ጊዜ አለው?"

እሳቸው ጊዜ ነበራቸው። በሌባ ጣታቸው አንዱን ወደ ላይ ጠረግ አደረጉት፤ ጠፋ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ሁሉም ሲያልቅ ባዶውን መስታወት እያዩ ፊታቸው በራ። ያን ፊት አውቀዋለሁ። የሥራ ሰዓት አልቆ ሰሌዳው ላይ አንድም ገመድ ሳይቀር ሲነሡ የነበራቸው ፊት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰዓት በኋላ አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ የግቢው ሰው ስልኩን ይሰጣቸው ጀመር። "እትዬ፣ ይጥረጉልኝማ" ይላል አላፊው፤ መነጽራቸውን አስተካክለው ይጠርጋሉ። የተጠረገ ስልክ ለጊዜው ቀለል ያለ ስለሚመስል ሁሉም አመሰገነ፤ ምስጋናው ደግሞ ለጡረተኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ጥቂት ቆይተው ሴቲንግ የሚባለውን ክፍል ጎርጉረው፣ አንድን አፕ ከኋላ ሆኖ እንዳይሠራ ጨርሶ የሚያግድ ቦታ አገኙ። እንዲያ ከታገደ ባለቤቱ ራሱ ካልከፈተው በቀር አይነቃም። ሀብት ያገኙ ያህል ተደሰቱ። የሁላችንንም ስልክ በየተራ እየተቀበሉ ያዩትን አፕ ሁሉ አገዱ።

ትንንሽ ምልክቶች ነበሩ፤ እኛ ግን እንደ ቀልድ አሳለፍናቸው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በስልኳ የምትሰማው ሬዲዮ ስልኩን ማሽኑ ላይ እንዳስቀመጠች ከወሬ መሀል ይቋረጥ ጀመር። ባለታክሲውም አንድ ቀን ተቆጥቶ መጣ።

"እትዬ፣ ካርታዬ አደባባይ ላይ ጥሎኝ ጠፋ። ተሳፋሪዋ 'ሹፌር፣ አንተም ለከተማው እንግዳ ነህ እንዴ?' አለችኝ።"

"አንተስ ተወልደህ ያደግክበትን ከተማ በስልክ ነው የምትነዳው?" አሉት።

አግዳሚው በሳቅ ተንቀጠቀጠ፤ እሱም አብሮ ሳቀ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

አዋላጇ የምትሠራው በአንድ ክሊኒክ ነው፤ ያኔ ገና በሙከራ ላይ ነበረች። ቋሚ ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የሚፈልጉት ግን እሷና አንዲት ጓደኛዋ ነበሩ። ሥራው እንዲህ ነው፤ ከመደበኛው ተራ ውጪ የምታምጥ ሴት ስትበዛ፣ ዋናዋ ነርስ ቤት ላሉት አዋላጆች በመልእክት መላኪያ አፕ ጥሪ ትልካለች። የተጠራችው ወዲያው "መጣሁ" ብላ ካልመለሰች ጥሪው ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ያልመለሰች ደግሞ እንዳልፈለገች ይቆጠርባታል። ቋሚነቱ የሚወሰነው በአብዛኛው በዚህ እንደሆነ አዋላጇ ለእኔም ነግራኝ ነበር። ጎበዝ ልጅ ናት፤ እጇ ለስላሳ፣ አነጋገሯ ዝግ ያለ። ያን ቦታ የፈለገችውም ለሌላ አይደለም፤ ባሏ ከመንገድ ኑሮ ወጥቶ ከተማ ውስጥ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ቤቱ የሚቆምበት ምሰሶ እንዲኖረው ነው።

ታዲያ ይህች ልጅ ጥሪ ያመልጣት ጀመር። ስልኩን ስትከፍት የክሊኒኩ መልእክቶች በአንድ ጊዜ ይዘንባሉ፤ ሁሉም ጊዜ ያለፈባቸው። ጓደኛዋ ሮጣ ደርሳለች፤ ሴቲቱም ወልዳለች።

"ዘግይቶ ነው የሚገባልኝ" አለች አንድ ቀን ቧንቧው ጋ ቆማ። "ድምፅ የለ፣ ምን የለ። ስከፍተው ነው የሚመጣው።"

"ኔትወርክ ይሆናል" አልኳት።

እትዬ መስመር ከአግዳሚው ላይ ሆነው ጣልቃ ገቡ። "በእኛ ጊዜ ኔትወርክ የሚባል ሰበብ አልነበረም። አምፑሉ ከበራ በራ ነው፤ ያላየ ሰው ያላየው ሌላ ቦታ ስለነበረ ነው።"

ክፋት ኖሯቸው አይደለም። ተቆጣጣሪው ይለን የነበረውን ነው ያሉት። አዋላጇ ባልዲዋን አንሥታ ገባች።

ልጃቸው ከመንገድ የተመለሰ ዕለት ምሳ ጠሩን። ባለታክሲውም እኔም ነበርን። ልጁ ስለ ሚስቱ ሥራ ሲጠይቅ፣ እናት ቀደም አሉ፤

"ሥራውስ ደኅና ነበር፤ እንቅልፏ ነው እንጂ። ሚስትህ እንቅልፋም ናት ልጄ። ቤቱ ቢፈርስ ትራሱን ታስተካክል እንደሆነ እንጂ አትነቃም። እየጠሯት እኮ ነው የማትሰማው።"

ሰው ሳቀ። ልጁ ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ እናቱና ሚስቱ ተስማምተው የሚቀላለዱ መስሎት። አዋላጇ ያልጨረሰችውን ሳህን ይዛ ተነሣች። የቧንቧው ውኃ ከሚገባው በላይ ሲፈስ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ያየሁት በዓይኔ ነው። ከሥራ ደክሟት ገብታ ቀን ስትተኛ ስልኩን በመዳፏ ይዛ መተኛት ጀመረች፤ ቢንቀጠቀጥ እንድትነቃ። ለልብስ ሰፊዋም "ስታልፊ መስኮቱን አንኳኪልኝ" ብላ አደራ ሰጠች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ መስመር ቤት ገብቼ ሳለ፣ ወደ ውስጠኛው ክፍል በእግር ጣታቸው ሲገቡ አየኋቸው። ልጅቱ በጎኗ ተኝታለች፤ ጣቶቿ ስልኩ ላይ ተጣብቀዋል። እሳቸው ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ ሕፃን እንዳይነቃ የሚደረገውን ያህል ቀስ ብለው አላቀቁ። የልብሱን ጫፍ ወደ ትከሻዋ ሳቡላት። ከዚያ ስልኩን ይዘው ወጡ፤ የሚስጥር ቁጥሩን ያውቁታል። መስኮቱ አጠገብ ቆመው ጠረጉት፤ ቻርጀር ላይ ሰኩትና መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡት።

"ባትሪው ቶሎ ያልቅባታል" አሉኝ በሹክሹክታ። "በየቀኑ ነው የማጸዳላት። እሷ የት ጊዜ አላት፣ የኔ ምስኪን።"

ዋናዋ ነርስ በመጨረሻ አዋላጇን ጠርታ፣ ሰኞ ስብሰባ እንዳለና የቋሚው ጉዳይ እንደሚያልቅ ነገረቻት። "ወይ ስልክሽን አሠሪ፣ ወይ አልፈልግም በይና ይለይልን" አለቻት። ልጅቱ ይህን ቤት ስትናገር ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር። እትዬ መስመር ራሩላት። በማግስቱ "ባትሪውን አስቀይርልሻለሁ፤ አንቺ ዐረፍ በይ" ብለው ስልኩን ተቀበሏትና እኔን ይዘው ወደ ስልክ ጠጋኙ ሄዱ።

የጠጋኙ ሱቅ ከበር ሰፋ ያለች ናት፤ ግድግዳዋ በስልክ ሽፋን ተሸፍኗል። ጠጋኙ ማስቲካ የሚያኝክ፣ ወሬኛ፣ ለመጣ ሁሉ "አዲስ ይግዙ" የሚል ጎልማሳ ነው። ስልኩን ከፈተና ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶ ማኘኩን አቆመ።

"ይሄን ሁሉ አፕ ማነው ያሰረው? አንድም አልቀረ እኮ። እስር ቤት አደረጉት።"

"እኔ ነኝ" አሉ እትዬ መስመር፤ ኩራት ነበረበት። "በየቀኑም እጠርጋለሁ። ባትሪው ግን ያው ነው።"

"ያው ይሆናላ። እየጠረጉ ነው እኮ የሚጨርሱት።"

"እንዴት?"

"የዘጉት አፕ ሲከፈት ከዜሮ ነው የሚነሣው። ተኝቶ የነበረን ከመቀስቀስ የሞተን ማስነሣት ይከብዳል አይደል? ጉልበቱን የሚበላው እሱ ነው። ሜሞሪውን ደግሞ ባዶ ማድረግ ምንም አያደርግልዎ፤ ስልኩ ሲጠበው ራሱ ያስወጣል። በእርግጥ የሚበላ አፕ አለ፤ የት እንዳሉ ሲከታተል የሚውል ዓይነት። እሱን ፈልገው ቢይዙት ጥሩ። ከዚያ ደግሞ መብራቱን ይዩት፤ እንደ ስታዲየም ነው የሚያበራው። ባትሪውም ቢሆን አርጅቷል፤ አዲስ ስልክ ይግዙ።"

እትዬ መስመር የመጨረሻውን አልሰሙም። ጣታቸው የመልእክት መላኪያዋ አፕ ላይ ነበረች።

"ይቺ ለምሳሌ ከኋላ ቁጭ ብላ ምን ትሠራለች? ማንም ካልከፈታት?"

"ትጠብቃለች።"

"ምን?"

"መልእክት ነዋ። ሰው እስኪልክ። ሲላክ ትጮኻለች።"

"ከታገደችስ?"

"ከታገደችማ ማን ይጩኽ? ባለቤቷ ስትከፍታት ያኔ ሁሉም ዱብ ይላል።"

ግራ እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሄደች። ጠጋኙ ስለ ሽፋን ያወራል፤ እሳቸው "ክፈትልኝ" አሉት። "የትኛውን?" ሲላቸው "የታሰረውን ሁሉ" አሉ፤ ከፍቶ እንደጨረሰም ስልኩን ተቀብለው ወጡ። ባትሪውም ሳይቀየር ቀረ።

ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። አንድ የግንብ አጥር ጋ ሲደርሱ ቆሙና በእጃቸው ተደገፉ።

"አንቺ፣ እሑድ እሑድ ሰሌዳው ላይ ብቻሽን ስትመደቢ ምን ትሠሪ ነበር?"

"ምን ሥራ አለ? እሑድ ማን ይደውላል። አምፑል እስኪበራ ቁጭ።"

"ሥራ ፈት ነበርሽ?"

"አልነበርኩም" አልኩ። "ተረኛ ነበርኩ።"

"ይኸው፣ እኔ ገመድ መስሎኝ ስነቅል የኖርኩት ተረኛዋን ነው። በየቀኑ ከወንበሯ እያስነሣሁ በሩን ዘጋሁባት። ከዚያ ዞሬ ያቺን ልጅ እንቅልፋም አልኳት።" ግንቡን ለቀው መራመድ ሲጀምሩ "እጇ ላይ ይዛው ተኝታ እኮ ነው የወሰድኩባት" አሉ።

የማጽናኛ ቃል ፈለግሁ። ሳያውቁ ነው፣ ለደግ ብለው ነው፤ እንዲህ ያለውን ሁሉ አሰብኩ። አንዱም ከአፌ አልወጣም፤ ምሳው ላይ እኔም ፈገግ ብዬ ነበርና።

ቤት ስንደርስ አዋላጇ ነጭ ጋውኗን እየተኮሰች ነበር። እትዬ መስመር አልተቀመጡም። ተግሣጽ እንደሚቀበል ሰው እጃቸውን ወደ ታች ዘርግተው በሩ አጠገብ ቆመው፣ ያደረጉትን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገሯት፤ ምን እንደጠረጉ፣ ምን እንዳገዱ፣ መቼ መቼ እንደሚወስዱት። አንድም አላሳመሩም። ልጅቱ መተኮሷን አላቋረጠችም፤ ያንኑ አንድ እጅጌ ግን ደጋግማ ስትተኩሰው አይ ነበር።

"ስልኩ ይሁን እማዬ" አለች በመጨረሻ። "ስልክ ነው። እኔ ግን ራሴን ጠርጥሬ ነበር። ሰምቼ የረሳሁ፣ ተነሥቼ መልሼ የተኛሁ መስሎኝ። ጆሮዬን ልታይ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ።"

"ልጄ—"

"ባሌ ፊት ነው እንቅልፋም ያሉኝ። እሱም ሳቀ። መኪናው ውስጥ ሆኖ እስከ ዛሬ 'እንቅልፋሟ' ብሎ ነው የሚደውልልኝ።"

እትዬ መስመር "ይቅር በይኝ" አሉ።

"ካውያው ግሏል፤ ልጨርስ" አለች።

ሰኞ ጠዋት እትዬ መስመር ለቢሮ የሚለብሱትን አሮጌ ጃኬት ለብሰው በሬን አንኳኩ። ቦርሳቸው ውስጥ የስልክ ቤቱን የጡረታ መታወቂያ ይዘዋል፤ ለምን እንደሚጠቅም እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም። ለምራታቸው አልነገሯትም። ክሊኒኩ መተላለፊያ ላይ ዋናዋን ነርስ አገኘናት፤ ክንዷ ላይ ንጹሕ አንሶላ ተሸክማ ወደ ውስጥ ስትቻኮል። ወንበሮቹ ላይ እርጉዝ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ሁለት ወጣት ነርሶች ጠረጴዛው ጋ ቆመዋል።

"ሲስተር፣ የአዋላጇ አማት ነኝ" አሉ። "ጥሪ ያልመለሰችው ስላልሰማች ነው፤ ያልሰማችው ደግሞ እኔ ስልኳን ስለዘጋሁባት ነው። በዚች ጣት።" ጣታቸውን አሳዩ፤ የራሳቸውን ስልክ አውጥተው እንዴት እንዳገዱት ያሳዩ ጀመር። ጣታቸው ስለቸኮለች መስታወቱ እንቢ አላቸው።

ዋናዋ ነርስ እስኪጨርሱ ጠበቀች። "እማማ፣ በዚህ ሥራ ስንት ሰበብ ሰምቻለሁ" አለች። "አማቱን ይዞ የመጣ ሰበብ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።"

ወጣቶቹ ነርሶች ፈገግታቸውን ወደ ጠረጴዛው ደበቁ። ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ጮክ ብላ ሳቀች። እትዬ መስመር መሬቱን አላዩም። እጃቸው ወደ ጆሯቸው ደርሳ እዚያው ቆየች።

"ሰበብ አይደለም ሲስተር። ጥፋት ነው፤ ባለቤቱም እኔ ነኝ።"

ነርሷ አንሶላውን ወደ ሌላኛው ክንዷ አዛወረች፤ ድምፅዋም ለዘብ አለ። "አምኜዎታለሁ። ነገር ግን ሴቶቹ ሲያምጡ የሮጠችው ሌላዋ ናት፤ እሷን ደግሞ አልበድላትም። ቋሚውን ለእሷ ወስነናል። ምራትዎን አናባርርም፤ ሙከራዋ ይታደስላታል፤ ስሟ ከጥሪው አይወጣም። ከዚህ በላይ የለኝም።"

እትዬ መስመር አመስግነው ወጡ። በሩ ላይ መታወቂያውን ከቦርሳቸው አውጥተው አዩትና መልሰው አስገቡት።

ወሬው አዋላጇ ጋ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ከሥራ ስትመለስ እኛ አግዳሚው ላይ ነን። ከፊታቸው ቆመች።

"ክሊኒክ ሄደው ነበር?"

"ሄጄ ነበር።"

"ያ ሁሉ ሰው ፊት?"

"አንቺንም ሰው ፊት ነው ያልኩሽ" አሉ።

ልጅቱ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ገባች። በሩን ግን አልዘጋችውም።

እትዬ መስመር በዚያው ተነሡ። የግቢውን በሮች አንድ በአንድ አንኳኩ፤ ስልኮቹን ተቀብለው የዘጉትን መክፈት ጀመሩ። መክፈቱ ከመዝጋቱ ይልቅ ይከብዳቸው ነበር፤ የትኛው የት እንዳለ ጠፍቷቸዋል። በየበሩ ላይ ደግሞ ያንኑ ይናገራሉ፤ "አዋላጇ እንቅልፋም አይደለችም። እኔ ነኝ የዘጋሁባት። ያልኩትን መልሻለሁ።" ልብስ ሰፊዋ አቅፋቸው ለማቆም ሞከረች፤ እሳቸው ግን ሳይጨርሱ አላቆሙም። ባለታክሲው ስልኩን ወደ ኋላው ደበቀ።

"ይተዉት እትዬ። ያለ ካርታ መንዳት ለመድኩ፤ ከተማዬን አወቅኳት።"

"አምጣ" አሉት። ሊስቅ ፊታቸውን አየና ሳይስቅ ሰጣቸው።

መጨረሻ ላይ ለልጃቸው ደወሉ፤ ምራታቸው እንድትሰማ ድምፁን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የመኪናው ጩኸት ይሰማል። ሁሉንም ነገሩት። ልጁ "እሺ እማዬ፣ ምን አለበት፣ ቀልድ ነው" ሊል ሲጀምር አቋረጡት።

"ቀልድ አይደለም። እኔ ቃሌን መልሻለሁ፤ አንተም ያን ሳቅህን መልስ። ስሟንም አስተካክለህ ጥራት።"

ከወዲያ በኩል የመኪናው ጩኸት ቆመ። ከዚያ ልጁ ሚስቱን በስሟ ጠራት።

ቋሚው ቦታ ግን ሄዷል። ይህን የሚመልስ አልነበረም፤ እትዬ መስመርም እንዲመለስ አልጠበቁም። ለብዙ ጊዜ ማንም ስልክ ሲሰጣቸው እጃቸውን ጉያቸው ውስጥ ይከቱ ነበር። አዋላጇም ደኅና ይደሩ፣ ደኅና ይዋሉ ከማለት አላለፈችም፤ ምግብ ታቀርባለች፣ መድኃኒታቸውን ታስታውሳቸዋለች፤ ወሬ ግን የለም። እሳቸው ይህን ቅጣት ሳያጉረመርሙ ተቀበሉ። መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ፣ ስልኩ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ከሚቀመጥበት ደፍ ክንድ በሚያህል ርቀት፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ይቀመጡ ነበር። እንዲህ ተቀምጠው ከዚያ በፊት ያየኋቸው እሑድ ተራ ልረከባቸው ስገባ ብቻ ነው፤ ባዶው ሰሌዳ ፊት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያው ሆኜ አተር እፈለፍልላቸዋለሁ። አዋላጇ በጓሮ ልብስ ታጥባለች። የመስኮቱ ስልክ በራ፤ ቀጥሎም ጮኸ። የእትዬ መስመር እጅ ከጭናቸው ተነሥታ ወደ ስልኩ ሄደች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመችና ወደ ጆሯቸው ዞረች።

"ልጄ፣ ይጠሩሻል" አሉ ወደ ጓሮው። "በራ።"

ልጅቱ እጇ እስከ ክርኗ ድረስ አረፋ እንደሆነ ሮጣ መጣች። ጎንበስ ብላ አነበበችና በጣቷ ጀርባ "መጣሁ" ብላ ላከች። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ አሁንም እርጥብ ነው፤ ቻርጀሩን አየችው።

"እማዬ፣ እጄ እርጥብ ነው። ገመዱን ይንቀሉልኝ።"

እትዬ መስመር ቀና ብለው አዩዋት። "ልንቀለው?"

"እሱን ይንቀሉት። ቶሎ ይበሉ፣ እየጠበቁኝ ነው።"

በሁለት እጃቸው ነቀሉት።